የማይክ ገመዱ ለምን ይጮሃል?

ጥያቄ፦ ለአዳራሽ የሚሆን 20 ሜትር የማይክ ገመድ ራሴ በይጄ ሠራሁ። ገመዱ አንድ የውስጥ ሽቦና በዙሪያው የተጎነጎነ መከላከያ ብቻ ስላለው፣ በሁለቱም ጫፍ የኤክስ ኤል አሩን (ባለ ሦስት እግር የማይክ ጃኩን) ፒን 1 እና ፒን 3 አገናኘኋቸው። የመድረኩ ዲመር (የመብራት ድምቀት መቆጣጠሪያ) ሲበራ "ዝዝዝ" ይላል። የተሻለ መከላከያ ያለው ልግዛ?

መልስ፦ ጥፋቱ የመከላከያው ሳይሆን የፒን 1 እና የፒን 3 መገናኘት ነው። ሚክሰሩ የሚያነሳው በፒን 2 እና በፒን 3 መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ጫጫታ በሁለቱ ላይ እኩል ካረፈ ልዩነት ስለማይፈጥር ይጠፋል። እኩል የሚያርፈው ሁለቱ ሽቦዎች ወደ መሬት ያላቸው ኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳዩት ተቃውሞ) እኩል ሲሆን ነው። (ጫጫታውን የሚያጠፋው ድምፁ በአንዱ ሽቦ ተገልብጦ መላኩ ነው የሚባለው ስህተት ነው።) ፒን 3ን ከመከላከያው ጋር ሲያስሩት እኩልነቱ ፈረሰ። መከላከያ ደግሞ ምንም ቢጠነክር ከመብራት መስመር የሚነሳውን መግነጢሳዊ መስክ እምብዛም አያግድም፤ እሱን የሚያሸንፈው የሽቦዎቹ እርስ በርስ መጠማዘዝ ነው።

ስለዚህ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎችና መከላከያ ያለው ገመድ ይግዙ። መከላከያው ለፒን 1፣ አንዱ ቀለም በሁለቱም ጫፍ ለፒን 2፣ ሌላው ለፒን 3። የጃኩን የኋላ ክዳን ከብየዳ በፊት በገመዱ ላይ ያስገቡ፤ የሚረሳው ሁልጊዜ እሱ ነው። ልባሱን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይላጡ፣ ካውያውንም አያቆዩ፤ የውስጡ ፕላስቲክ ከቀለጠ ሽቦው ከመከላከያው ጋር ይነካካል። የጃኩን አካል የሚያገናኘውን ምላስ ባዶ ይተዉት።

ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ ነቅለው በመልቲሜትር፣ ግንኙነት ሲያገኝ በሚጮኽበት መለኪያ፣ ይለኩ፦ 1 ከ1፣ 2 ከ2፣ 3 ከ3 ይጮኻሉ፤ የተለያየ ቁጥር ግን መጮኽ የለበትም። ሲለኩ ጫፎቹን ያጣጥፏቸው። በአንድ ጫፍ 2 እና 3 ከተቀያየሩ ጫጫታ አይጨምርም፤ ግን ሁለት ማይኮች ጎን ለጎን ሲሠሩ ድምፁ ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰማያዊና ሁለት ነጭ ሽቦ ያለው ገመድ አለኝ። እንዴት ይታሰራል?

መልስ፦ ሁለቱ ሰማያዊ አንድ ላይ ለፒን 2፣ ሁለቱ ነጭ አንድ ላይ ለፒን 3። አንድ ቀለም ያላቸው ፊት ለፊት ስለተቀመጡ መግነጢሳዊ ጫጫታን ከተራው ይልቅ ይቋቋማሉ፤ አንድ ሰማያዊና አንድ ነጭ አጣምረው ካሰሩ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። ይህ ገመድ በዲመርና በትራንስፎርመር አጠገብ ይመረጣል። ካፓሲታንሱ (በሽቦዎቹ መካከል ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርዩ) ከፍ ያለ ቢሆንም በ20 ሜትር ለተለመደው ማይክ አይሰማም።