«ጠፍቻለሁ» ያለው ወታደር

ልጆቼ፣ ሐዋሳ ውስጥ የወንጀል ሕግ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ሰሞኑን ከእናንተ አንዷ አሞራ ገደል አካባቢ አግኝታኝ «መምህር፣ ወንጀል ሕግ ላይ ጎበዝ ለመሆን ምን ላንብብ?» አለችኝ። የሁለት መጻሕፍት ስም ነግሬያት ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልነግራት የሚገባኝ ስለ አንድ ወታደር ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ መዝገብ ደረሰኝ። ወታደሩ ፈቃድ ወስዶ አገር ቤት ሄዷል። ፈቃዱ አልቆ ሳምንታት ቢያልፉም አልተመለሰም፤ ከዚያ ተያዘ። የተጠረጠረበት ወንጀል ኩብለላ ነው፤ ከውትድርና ከድቶ መሸሽ ማለት ነው። በሰጠው ቃል ላይ «አዎ፣ ጠፍቻለሁ» ይላል። ከሥሩ የጣት አሻራው አለ። እኔም «አምኗል» ብዬ ክሱን ጻፍኩ። ሄጄ አንድ ቃል እንኳ አላነጋገርኩትም።

ችሎት ላይ ዳኛው «የት ነበርክ?» አሉት። እናቱን ሲያስታምም ነበር። ሞተችበት፤ ቀበራት። የተያዘው መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ወደ ጦር ክፍሉ የሚመለስበትን ትኬት ቆርጦ። አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አልነበረም። እስቲ አስቡት፤ ለረጅም ጊዜ ያላየነውን ጓደኛ «ምነው ጠፋህ?» እንለዋለን። እሱም «አዎ ጠፋሁ» ይላል። ካምፕ ውስጥ ግን «ጠፋ» ማለት ከዳ ማለት ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ተናገረ፤ ጸሐፊው ሁለተኛውን ጻፈ፤ እኔም ያንን ይዤ ከሰስኩ።

ትኬቱ እኮ መዝገቡ ውስጥ ነበር። ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተያይዞ አይቼዋለሁ። ቀኑን ግን አላነበብኩም።

ከፈቃድ በላይ መቅረት ጥፋት ነው፤ ያስቀጣል። ኩብለላ ግን ሌላ ነገር ነው። አገልግሎቱን ጥሎ ለመሸሽ ማሰብን ይጠይቃል። በጦርነት ጊዜ ሲሆን እጅግ በከፋ ሁኔታ እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰውየው ልብ ውስጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ክሱን ወደ ቀላሉ ለወጠው። ልጁ ግን እስከዚያ ድረስ ለወራት ታስሯል። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ ዛሬም ያመኛል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ላይ ሕጋዊ (በሕግ የተከለከለ መሆኑ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ ራሱ) እና ሞራላዊ (የሰውየው ሐሳብ) ፍሬ ነገሮች ካልተሟሉ ወንጀል የለም ይላል። ሁላችሁም ለፈተና ትሸመድዱታላችሁ። ሦስተኛው ግን መዝገብ ላይ ተጽፎ አይመጣም። ሰውየው ዘንድ ሄዳችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

የበላይን ትእዛዝ ስለሚፈጽም የበታች የሚናገረው አንቀጽ 74ም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ አንድ ተማሪ ተነስቶ «ወታደር ታዝዞ ቢገድልስ?» ይላል። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ሕጉ «ታዝዤ ነው» ማለትን ብቻውን እንደ መውጫ አይቀበልም። የታዘዘው ድርጊት ወንጀል መሆኑን የሚያውቅ የበታች ይጠየቃል፤ ያዘዘውም አያመልጥም። ሌላ ማድረግ የማይችልበት ሁኔታ ከነበረ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ያንን ያያል። ይህ ሐሳብ ትናንት የመጣ አይደለም፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበር። እዚህም ጥያቄው ያው ነው። ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ ነበር? እምቢ ማለትስ ይችል ነበር ወይ? በሩቅ ሆኖ «እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር» ማለት ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚል ሲገኝ ትእዛዙ የተሰጠበትን ሌሊት ጨለማ፣ የአለቃውን ድምፅና የታዘዘውን ወታደር ዕድሜ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ።

እኛ ያለነው ሐዋሳ ነው። አንድ ባጃጅ ላይ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ እየሰማችሁ ትሄዳላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል ይላል። ግን «ይገባሃል?» ሲባል «አዎ» የሚል ብዙ ነው፤ ስለሚፈራ፣ ስለሚያፍር። «አዎ» ስላለ ብቻ አትለፉት። የተባለውን መልሶ በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። አማርኛ ብቻ የምትችሉ ካላችሁ ደግሞ አንድ ሌላ ቋንቋ ተማሩ። ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት የምመክራችሁ ይህን ነው።

የጠየቅሽኝ ልጅ ይህን ካነበብሽ፣ መጻሕፍቱ ይቆዩ። በመርህ ደረጃ ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ ቀን ጠዋት የወንጀል ችሎት ገብተሽ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ስልክሽን አጥፊ። ጠበቃውንና ዐቃቤ ሕጉን ለጊዜው ተያቸውና ተከሳሹን ተመልከቺ። ዳኛው ሲናገሩ ፊቱ ላይ ምን እንዳየሽ ጽፈሽ አምጪልኝ። ቢሮዬ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው።