የደሞዝ ወረቀታችሁን አንብቡ

ልጆች፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሠራተኛ አስተዳደር ውስጥ ነው። ፋብሪካ ሠርቻለሁ፣ ኮንስትራክሽን ሠርቻለሁ፣ ንግድ ድርጅትም ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ሁሌ ያሳስበኛል። መንግሥት ስለ ሥራና ስለ ጡረታ የሚያወጣውን ሕግ ብዙዎቻችሁ የሌላ ሰው ጉዳይ ታደርጉታላችሁ። አዋጅ ሲባል የጠበቃና የካድሬ ነገር ይመስላችኋል። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ኪሳችሁ ነው።

በቅርቡ አንዲት የዘመድ ልጅ አዲስ ሥራ አግኝታ የደሞዝ ወረቀቷን አሳየችኝ። በጣም ደስ ብሏታል። ጠቅላላው 12,000 ብር ይላል። ዝርዝሩን ሳየው ግን ደሞዝ ተብሎ የተጻፈው 4,000 ብር ብቻ ነው። ሌላው የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የስልክ፣ የኃላፊነት ምናምን እየተባለ የተከፋፈለ ነው። "ግብር እንዲቀንስልሽ ነው" ብለዋታል። እሷም አመስግና ፈረመች።

እስቲ እንቁጠረው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ በድምሩ 18 በመቶ። የሚሰላው ግን ከደሞዙ እንጂ ከአበሉ አይደለም። ስለዚህ በወር 2,160 ብር መግባት ሲችል 720 ብር ብቻ ይገባል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የአሠሪው ድርሻ ከ1,320 ብር ወደ 440 ብር ወረደ። ማን እንደተጠቀመ እናንተው ፍረዱ። ጡረታ ስትወጣም አበሏ የሚታሰበው ከዚሁ ከትንሹ ደሞዝ ነው፤ 10 ዓመት ላገለገለ ሰው መነሻው 30 በመቶ ነውና ከ4,000 ብር 1,200 ብር ይሆናል፣ ከ12,000 ብር ቢሆን ኖሮ 3,600 ብር ነበር። ኦቨርታይምም የሚባዛው በዚሁ በደሞዙ ነው። አያችሁ፣ ዛሬ ግብር የተረፈ መስሎ ነገ የሚቀረው ብዙ ነው።

"ጡረታ ገና ነው፣ ማን ያውቃል እስከዚያ" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ በ25 ዓመት ስለ 60 ዓመት ማሰብ ከባድ ነው። ግን ጡረታ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። የሰፈሬ ሰው ነበር፣ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ የሠራ። በድንገት ሞተ። ሚስቱ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። በሕጉ የሟች ሚስት ባሏ ሊያገኝ ከሚገባው አበል ግማሹን፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል። ሄዳ ስትጠይቅ መዝገቡ ላይ የስንት ወር መዋጮ ጎድሏል! ድርጅቱ ከደሞዙ እየቆረጠ ለጡረታ ፈንዱ አላስገባም ነበር። ያዳናት ምን መሰላችሁ? ሰውዬው የደሞዝ ወረቀቶቹን በሙሉ በፌስታል ጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ያስቀምጥ ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የተቆረጠው 7 በመቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብረን ወር በወር ደረደርናቸው። ተመላልሳ፣ ተከራክራ፣ በስተመጨረሻ አበሉን አገኘች። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ቃሏን ማን ይሰማት ነበር?

ይህ መብት ራሱ ድሮ አልነበረም፤ ይህን ነው ብዙ ወጣት የማያውቀው። የመንግሥት ሠራተኛ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ጡረታ ነበረው። የግሉ ግን ደህና ድርጅት ከገጠመው ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ሥራ ሲለቅ በአንዴ የሚሰጠው የቁጠባ ገንዘብ፣ ያገኛል፣ ካልገጠመው በባዶ እጁ ይሸኛል። ስንት ዓመት ማሽን ላይ ቆመው አርጅተው በአንድ የምስጋና ወረቀት የተሸኙ ሰዎች አውቃለሁ። በ2003 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 715 ወጣና የግል ድርጅት ሠራተኛም ጡረታ ውስጥ ገባ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተካ። መጀመሪያ በ2003 ሲወጣ ሠራተኛው ምን ያህል እንዳጉረመረመ አስታውሳለሁ። "ደሞዜን ስጡኝ፣ የምን ጡረታ ነው?" የሚል ሰልፍ በቢሮዬ በር ላይ ነበር። ሰውን አልፈርድበትም፣ ኑሮ ነው። ግን ቁጠባን ለእያንዳንዱ ሰው ብርታት ብንተወው፣ በዚህ ደሞዝ ማን ይቆጥብ ነበር? አሠሪውስ ማንም ሳያስገድደው 11 በመቶ ይሰጥ ነበር? እንዲህ ያለውን ነገር መንግሥት ብቻ ነው ማስገደድ የሚችለው። ለዚህ ነው ገበያው ሁሉን ያስተካክለዋል የሚለኝን ሰው የማልቀበለው።

የሥራ ሕጉም እንደዚያው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ አማርኛው ከባድ አይደለም። የጽሑፍ ውል ከሌላችሁ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ባይሰጣችሁም መብታችሁ አይጠፋም። ኦቨርታይም ቀን ላይ 1.5፣ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ነው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ሆኗል። አንዷን ግን በተለይ ያዙልኝ፦ ያለአግባብ ከሥራ ከተባረራችሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ ካላችሁ፣ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለባችሁ። ስንቱ ጎበዝ ልጅ "አስታርቁን" እያለ ሽማግሌ ሲልክ፣ ኤች አር ደግሞ "ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና" እያለ ሲያመላልሰው 3 ወሩ አለፈበት። ሽምግልናውን ቀጥሉ፣ ክሱን ግን አስገቡ። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ሕጉ ሁሉን ሠርቷል ማለቴ አይደለም። የቤት ሠራተኛ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት፤ ለእሷ ሌላ ደንብ ይወጣል ተብሎ ነው የታለፈው፣ ይህ በጣም ያመኛል። በየሰው ቤት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠሩ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን እንኳ የሚያገኙት በአሠሪያቸው መልካም ፈቃድ ነው። የዝቅተኛ ደሞዝ ወለል፣ ማለትም ከዚህ በታች መክፈል አይቻልም የሚባለው መጠን፣ ጉዳይም አለ። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ዓመታት አለፉ፣ የግል ዘርፍ ሠራተኛ ግን ወለሉን ገና እየጠበቀ ነው። ባለሀብት ይሸሻል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፣ ስጋቱን አልንቀውም፤ ነገር ግን ሙሉ ቀን ቆሞ የሚሰፋ ሰው የቤት ኪራይና ምሳ መሸፈን ካቃተው ኪሳራውን የሚሸከሙት ሀገር ቤት ያሉ እናትና አባቱ ናቸው።

መንግሥት ደግሞ ሲጠየቅ ነው የሚንቀሳቀስ። ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ 600 ብር ላይ ስንት ጊዜ ቆመ! የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ በየሜይ ዴይው ሲጮህበት ኖሮ በ2017 ዓ.ም ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከኑሮው አንፃር ትንሽ ነው፣ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም።

የደሞዝ ወለል ሲተመንም የሠራተኛውን ድምፅ ይዞ የሚከራከረው ማኅበር ነው። ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል፤ የመደራጀት መብታችሁም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ተጽፏል። የምትሠሩበት ቦታ ማኅበር ካለ ግቡ። ከሌለ ደግሞ በምሳ ሰዓት ለጓደኞቻችሁ ነገሩን አንሱላቸው፣ የደሞዝ ወረቀታችሁንም ይዛችሁ ውጡ።