የባሕር ዛፉ ሽታ ለምን ተለወጠ?

ጥያቄ፦ «ሐረር ከተማ ዳር ነው የምኖረው። ከጫቴ ጎን የተከልኩት ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠሉ እያበጠ ይጠማዘዛል። እባጩ መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፣ አሁን ቀልቷል። ለጫት የምንረጨውን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ረጨሁበት፤ ምንም አላለውም። የገረመኝ ግን ሽታው ነው። ያበጠውን ቅጠል ሳሸው የለመድኩት የባሕር ዛፍ ሽታ አይደለም። ነገሩ ወደ ጫቴና ወደ ማሽላዬ ይተላለፍ ይሆን?»

መልስ፦ አባቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና እንቅልፍዎን ልመልስልዎ። አይተላለፍም። የነገሩኝ ምልክት የባሕር ዛፍ እባጭ ተርብ ነው፤ በሳይንስ ስሟ ሌፕቶሲቤ ኢንቫሳ። ከባሕር ዛፍ ውጭ ጫትም ማሽላም አትነካም። አገሯ እንደ ዛፉ አውስትራሊያ ነው። ዛፉን በምኒልክ ዘመን አስመጣነው፤ እሷ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ተከተለችው።

አንዱን እባጭ በምላጭ ይሰንጥቁት። ውስጡ ነጭ፣ እግር የሌለው ትንሽ ትል ያገኛሉ። መድኃኒቱ ያልሠራው ለዚህ ነው፤ ትሉ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል፣ እርስዎ በሩን ይረጫሉ። እናትየዋ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አትበልጥም። እንቁላሏን የምትጥለው በለጋው ቅጠል መሐል ጅማትና በቅጠሉ ዘንግ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዛፉ በራሱ ሥጋ ለትሉ ቤትም ቀለብም ይሠራለታል። እንዲህ ያለ እንግዳ አይግጠም!

ወደ ሽታው ልምጣ፤ አፍንጫዎ አላታለለዎትም። ጤነኛ ቅጠል ፀሐይ ላይ ይዘው ቢያዩ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታይዎታል። የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው የዚህን ዘይት ሽታ ነው፤ ዋናው ሲኒዮል ይባላል፣ አልፋ ፓይኒንና ሌሎችም አብረውት አሉ። እባጭ ሲሠራ ግን የቅጠሉ ሥራ በነፍሳቱ ትእዛዝ ይለወጣል። የዘይቱ ቅንብርም አብሮ ሊዛባ ይችላል።

ነፍሳቱ በዚህ ሽታ የሚያደርጉት ነገር እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በእስራኤል የፒስታሺዮ ዘመድ በሆነ ዛፍ ላይ እባጭ የምትሠራ ክሽክሽ አለች። ዛፉ ለእባጩ ከቅጠሉ ይልቅ እጅግ ብዙ ተርፒን የተባለ ሽታ ሰጪ ነገር ያከማችለታል። በ2013 የወጣ ጥናት ፍየሎች ቅጠሉን እየበሉ እባጩን ግን ከሽታው የተነሳ እንደሚሸሹ አሳይቷል። ፍየል! እሾህ የማይመልሳትን ፍየል ሽታ መለሳት።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሲልፊየም በሚባል ተክል ግንድ የምታድር ሌላ ተርብ አለች። በተነካው ግንድ ውስጥ የፓይኒን ዓይነቶች ሚዛን ይለወጣል። ወንዶቹ ቀድመው ይወጡና በዚያ ሽታ እየተመሩ ሴቶቹ የሚወጡበትን ግንድ ያገኛሉ። የሞተ ግንድ የሠርግ ጥሪ ሲያስተላልፍ ማለት ነው። የእርስዎዋ ተርብ ግን ይህ አያሳስባትም፤ ባብዛኛው ያለ ወንድ ትራባለች።

ተክል አባጨጓሬ ሲያኝከው የተለየ ሽታ ይለቃል፤ የአባጨጓሬው ጠላት የሆኑ ተርቦች ሽታውን ሰምተው ይደርሱለታል። ጎልደንሮድ በሚባል ተክል ላይ እንደታየው ግን፣ አንዳንድ እባጭ ሠሪ ተክሉ እንዲህ «ድረሱልኝ» እንዳይል ያደርገዋል። ማጅራቱን ይዞ አፉን እንደሚያፍን ሌባ ነው።

አሁን ወደ ማሳዎ። መርጫውን ያስቀምጡት። ትሉን አይገድልም፤ የሚገድለው የተርቧን ጠላቶች ነው። ደግሞ ከጎኑ ጫት አለ። ጫት ሳይበስል አፍ የሚገባ ነገር ነው፤ ንፋስ ያሻገረውን መድኃኒት ማን ያጥብልዎታል?

ዛፎቹ ገና ትንሽ ከሆኑ ያበጠውን ጫፍ ቆርጠው ወዲያው ያቃጥሉ፤ ማሳ ዳር ከምረው አይተዉት። መቁረጥ ያለብዎት ግን እባጩ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ሳይታይ ነው። ቀዳዳ ካለ ወጥታለች። ከእንቁላል እስከ መውጣት አራት ወር ገደማ ስለሚፈጅባት ጊዜ አለዎት፤ በየሁለት ሳምንቱ ይዩት። ዛፉ ትልቅ ከሆነና የተነካው ጥቂት ጫፍ ብቻ ከሆነ ይተዉት፤ አድጎ ያልፈዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተናደው ሁሉንም ከሥሩ አይቁረጡ። ጉቶው የሚያወጣው ለጋ ቀንበጥ እሷ የምትወደው ነው። አዲስ ችግኝ ሲገዙም ቅጠሉን ገልብጠው ጅማቱን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከጎረበጠዎት ችግኙን ለሻጩ ይመልሱለት። ቀይ ባሕር ዛፍ ላይ በተለይ ስለምትበረታ፣ ለቀጣዩ ተከላ ሌላ ዝርያ ያለው ችግኝ ጣቢያ ካለ የልማት ሠራተኛችሁን ይጠይቁት።