በሞተርሆም ወደ ጅማና ቦንጋ፤ ከመንገዱ በፊት ማደሪያውን ወስኑ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከገና በኋላ ከባለቤትህ፣ ከሁለት ልጆችህና ከእናትህ ጋር በሞተርሆም ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ጅማን፣ ቦንጋን፣ ከተቻለም መቱን በአስር ቀን ማዳረስ ትፈልጋለህ። መኪናው አይሱዙ ላይ የተሰራ ነው፤ አልጋና ማብሰያ አለው። የጠየቅከው ሦስት ነገር ነው። መንገዱ ለእንዲህ ያለ መኪና ይሆናል ወይ? የመሸብን ቦታ ማደር እንችላለን ወይ? ውሃና መብራትስ ከየት ይገኛል?

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። በስራዬ ምክንያት ከጅማ ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ አጋሮና በደሌ እመላለሳለሁ። ከኋላው አልጋ ያስገጠምኩለት ሚኒባስ አለኝ፤ መንገድ ላይ ስወጣ ብዙ ጊዜ የማድረው እሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚያያዘው ከሱ ጋር ነውና። የመሸባችሁ ቦታ ማደር አይቻልም። ወይም ይቻል ይሆናል፣ እኔ ግን በጭራሽ አልመክርም። የጅማ ገጠር ከመንገድ ላይ ሆነህ ስታየው ጫካና ሣር ብቻ ይመስላል። ባለቤት የሌለው መሬት ግን የለም። ከትልልቆቹ ዛፎች ስር ያለው ቡና ነው። ቡናው ደግሞ ባለቤት አለው። አንተ የምትመጣበት ወቅት ለቀማው ያለቀበት ወይም እያለቀ ያለበት ጊዜ ነው፤ ቀይ እሸቱ በየደጁና በየማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። የዓመት ገቢያቸው እዚያ ላይ ስለሆነ ሰዎች ሌሊት ይጠብቁታል። እና በጨለማ ባትሪ ይዞ የሚዞር ሰው፣ የማያውቀው ትልቅ መኪና ማሳው ዳር መብራት አጥፍቶ ቆሞ ቢያገኝ ምን ይሰማዋል? እሱም ይደነግጣል፣ እናንተም ትደነግጣላችሁ። ልጆችና አዛውንት ይዘህ እዚያ ውስጥ መግባት የለብህም።

ስለዚህ ጉዞውን በኪሎሜትር አታቅደው። መጀመሪያ የየቀኑን ማደሪያ ወስን፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠር። ቢዘገይ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ደርሳችሁ ሞተር ማጥፋት አለባችሁ። ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ከስንት ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለማደር የሚሻለው አጥር፣ ዘበኛና ሰፊ ግቢ ያለው ሆቴል ነው። ወልቂጤም ጅማም ቦንጋም እንደዚህ ዓይነት ሆቴሎች አሉ። አስቀድመህ ደውልና «መኝታ አልፈልግም፣ ግቢ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ነው የማድረው፤ እራትና ቁርስ ግን ከእናንተ እንበላለን» በላቸው። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። ሳትረሳ የምትጠይቀው አንድ ነገር የበሩን ከፍታ ነው። በሩ ላይ ቆርቆሮ ወይም የብረት ቅስት ካለ የናንተ መኪና ላያልፍ ይችላል። መኪናህን ራስህ በሜትር ለካው፤ ፖርቶ መጋላውንና ላዩ ላይ ያለውን ሶላር ጨምረህ። ቁጥሩን መሪው አጠገብ ጽፈህ ለጥፈው። በየመንደሩ መንገድ አቋርጠው የሚያልፉ የመብራት ገመዶች ዝቅ ብለው የሚንጠለጠሉበት ቦታ ስላለ ያስፈልግሃል።

ገጠር ውስጥ ማደር ግድ ከሆነ ወይም ከፈለጋችሁ ደግሞ ወጉ አለው። እኔ በጅማና በቦንጋ መካከል ባለችው ሸቤ አካባቢ የማደርገውን ልንገርህ። ገና ጀንበር ሳትጠልቅ መኪናውን ከመንገድ ወጣ አድርጌ አቆማለሁ። ጥሩምባ አልነፋም። ወርጄ ቅርብ ወዳለው ቤት እሄዳለሁ፣ ደጅ ላይ ቆሜ «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም እላለሁ። ከዚያ ትልቅ ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ከየት እንደመጣሁ፣ ማን እንደሆንኩ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምሄድ እናገራለሁ። አባወራው ብቻውን አይወስንም፤ ልጅ ልኮ የቀበሌውን ሰው ያስጠራል። እሱ ይመጣና የታርጋ ቁጥሬንና የመታወቂያዬን ስም ደብተር ላይ ይጽፋል። ይሄ ሲሆን እንዳይከፋህ። ስምህ ደብተሩ ላይ ከሰፈረ በኋላ የመንደሩ እንግዳ ነህ፣ ሌሊቱን የሚጠብቅህም መንደሩ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቡና ይመጣል። እምቢ አትበሉ። ቸኩላችሁም ከሆነ አንድ ስኒ ጠጡ። እናትህ አብረውህ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ መጀመሪያ እሳቸው ወርደው ሰላም ይበሉ። በኛ አገር እናቱን ይዞ የመጣን ሰው የሚጠራጠር የለም። ስትሄዱ ደግሞ ብር አውጥተህ እጅ ላይ ከማስቀመጥ ስኳር ወይም ሳሙና ለእማወራዋ መስጠት ይሻላል።

ወደ መንገዱ ልሂድ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የመስመር መኪና በጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ይገባል። አንተ እንደዚያ አታድርገው። በከባድ መኪና፣ ከልጆች ጋር፣ ወሊሶ ላይ ቁርስ፣ ወልቂጤ ላይ ምሳ ስትል ይመሻል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ሌሊት ወልቂጤ አድራለሁ። ምክንያቱ ጊቤ ነው። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩ አካባቢ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ከዚያ እንደገና ወደ ላይ ትወጣለህ። ይህን ቁልቁለትና ዳገት በጠዋት፣ ሞተሩም ሹፌሩም ሳይደክሙ ማለፍ ነው የሚበጀው።

ቁልቁለቱ ላይ አደራ። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ የሚባል ነገር አይታሰብ። ሞተርሆም ሁልጊዜ እንደተጫነ ነው፤ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ውሃው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ አብሮህ ይወርዳል። ከፍሬን ላይ እግርህን ሳታነሳ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ከዚያ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከሸተተህ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ውሃ አትድፋበት። ከመነሳትህ በፊት መካኒክ ጎማ አውልቆ ሸራውን በዓይኑ እንዲያየው አድርግ፤ የፍሬን ዘይቱንም ቀይር። ስኮርታው የሚሰራ፣ ክሪኩም የመኪናውን ክብደት የሚችል ይሁን።

ከጊቤ በኋላ በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ አድርገህ ጅማ ትገባለህ። በመንገድህ የግልገል ጊቤን ሐይቅ ታያለህ፤ የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ኃይል ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከዚያ ውሃ ነው። ልጆቹ ያዩት ዘንድ ተናገር፣ ግን ግድብና ድልድይ አካባቢ ካሜራ አታውጡ። ድሮን ካለህ እቤት ተወው።

ጅማ ላይ ሁለት ሌሊት ያዝ። ጅረን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አሳያቸው፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870ዎቹ መጨረሻ እስከ 1932፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጅማን የገዙት ናቸው። የእንጨት ሥራውን ረጋ ብላችሁ እዩት። ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ፤ ልጆች ይወዱታል፣ ግን ከውሃው ራቅ ብለው ይዩ። ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው፤ ለማየት ግሩም ነው፣ በሞተርሆም ለመንዳት ግን አይሆንም። መኪናውን ሆቴሉ ግቢ ትተህ በባጃጅ ሂዱ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ እዚያ ግዙ፤ ጠፍጣፋ ባልሆነ መሬት ላይ የማይወዛወዝ መቀመጫ እሱ ነው፣ ለጉዞ የሚታጠፍ ወንበር መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ከ100 ኪሎሜትር ትንሽ ይበልጣል። በሰቃ ጨቆርሳ በኩል ወጥተህ የበለጤን ደን አቋርጠህ ሸቤ ትደርሳለህ። ከሁሉ የምወደው መንገድ ይሄ ነው። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ታያላችሁ፤ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለው ያኖሩትን ቀፎም ልብ በሉ። ከዚያ ወደ ጎጀብ ቆላ ወርደህ ወንዙን ስትሻገር ካፋ ገባህ። ጠዋት ከደኑ ውስጥ ጉም አይጠፋም፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት አትነሳ። አስፋልት ነው፣ ጉድጓዱን ግን ጥላ ውስጥ ቶሎ አታየውም። ከብትና ተማሪም መንገዱ ላይ ነው የሚሄደው።

ቦንጋ ላይ አትቸኩሉ። የካፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የቡና ሙዚየሙ፣ የባርታ ፏፏቴ፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተፈጥሯዊ ድልድይ፣ ዉሽዉሽ ያለው የሻይ ልማት፣ ሁሉም ከቦንጋ ተነስቶ ደርሶ የሚመለሱባቸው ናቸው። የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ። ከአስፋልት ለሚወጣው መንገድ ሁሉ ግን ትንሽ ፎርባይፎር ወይም ሞተር ተከራዩ። ካፋ ላይ ጥር ውስጥም ሊዘንብ ይችላል። ያ ቀይ አፈር ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው፤ ኋላው ጥንድ ጎማ የሆነ አይሱዙ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ከገባ የሚያወጣው ሌላ አይሱዙ ብቻ ነው።

መቱን ተወው። ይሄ የኔ ፍርድ ነው፣ ሌሎች ላይስማሙ ይችላሉ። አስር ቀን ውስጥ ቦንጋንም በበደሌ በኩል መቱንም ካላችሁ፣ ልጆቹ የሚያስታውሱት መቀመጫውን ብቻ ነው የሚሆነው። መቱ አካባቢ ያለው የሶር ፏፏቴ ድንቅ ነው፤ ለሌላ ዓመት፣ ለብቻው ና። የዚያን አቅጣጫ ጣዕም ካስፈለጋችሁ ከጅማ አጋሮ ደርሳችሁ በቀን ተመለሱ።

ውሃ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት መቶ ሊትር ከሞላህ ሁለት መቶ ኪሎ ጫንክ። ከጊቤ በፊት ግማሽ ያህል ብቻ ያዝ፣ ጅማ ስትደርስ ሙላ። ፖርቶ መጋላ ላይ በጀሪካን አትጫን፣ መታጠፊያ ላይ መኪናውን ያጋድለዋል። የሚጠጣውን ለብቻ ያዙ። የመጸዳጃውን ቆሻሻ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ወይም ቦይ ውስጥ መድፋት በፍጹም አይገባም። ከታች ያለ ሰው ያንን ውሃ ይጠጣል፣ ልጆች ይታጠቡበታል። ያደራችሁበትን ሆቴል አስፈቅዳችሁ ሽንት ቤታቸው ውስጥ ድፉ፤ ለዚህ ሲባል ኬሚካሉን አታብዙ።

መብራት በጥር አያስቸግርም፤ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ክፍት ስለሆነ ሶላሩ ይሞላል። ነዳጅ ግን ይጠፋል። ሰልባቲዮው ግማሽ ሲደርስ፣ ማደያ ባየህበት ሙላ፣ ወረፋም ካለ ተሰለፍ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ የሁለታችሁም ስልክ ላይ ብር ይኑር።

አንድ ነገር በጣም አደራ ልበልህ። የጅማ ሌሊት በጥር ይበርዳል። ቡና ተፈልቶ ፍሙ ሲቀር «ትንሽ ያሙቀን» ብሎ ምድጃውን መኪና ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት ይመጣል። አታድርጉት። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፣ ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃም። ቡናውን ውጭ አፍሉ፣ ከሰሉን ውጭ አጥፉ። ሲሊንደሩንም ማታ ከራሱ ከቁልፉ ዝጉ። ለብርዱ ብርድ ልብስ ጨምሩ። ለጊቤና ለጎጀብ ቆላ ደግሞ አጎበር ያዙ፣ ወባ አለ።

የቀረው ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመኪና ዓይነት አሁን ካለው አካል ጋር መግጠሙን አረጋግጥ፤ ጭነት ተብሎ ተመዝግቦ አልጋ ከተሰራበት ኬላ ላይ ያስቆምሃል። ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ያልተቃጠሉ ይሁኑ። ስትመለስ ለቤት የሚሆን ቡናና ማር ግዛ፣ ነገር ግን ጥሬ ቡና በብዛት አትጫን፣ ኬላ ላይ ያስጠይቃል። የፀጥታውን ነገር ደግሞ ማታ ማታ ለነገ የምትሄድበትን መስመር የመናኸሪያ ሹፌሮችን ጠይቅ። እነሱ ያን ቀን ተመላልሰውበታል። አይሆንም ካሉህ ቀኑን እዚያው ዋሉ፤ ለዚህ ስትል ከአስሩ ቀን ሁለቱን ምንም ሳታቅድባቸው ተዋቸው።

የመኪናውን ከፍታና ርዝመት፣ የምትነሱበትንም ቀን እዚሁ ስር ጻፍልኝ። ጅማና ቦንጋ ላይ የትኛው ግቢ እንደሚያስገባችሁ ሄጄ አይቼ እነግርሃለሁ።