የተሰነጠቀው የዓሣ ነባሪ ጥርስ፦ ሙጫውን ይተዉት፣ አምፖሉን ያጥፉት

ጥያቄው የመጣው ከማሳቹሴትስ ነው። ጠያቂዋ የሟች አዛውንት ቤት ዕቃ ሲሸጥ አንድ “የዝሆን ጥርስ” ገዙ። ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ባንዲራውን እያውለበለበ ተቀርጾበታል፣ ከሥሩ ዓሣ ነባሪ የሚያሳድዱ ጀልባዎች አሉ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። መብራት ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አኖሩት። በመጀመሪያው የአሜሪካ ቀዝቃዛ ክረምት ከወፍራሙ ጫፍ ስንጥቅ ተነሣ። ፍሬም የሚሠራ ሰው በሱፐር ግሉ ሞላላቸው። አሁን በስንጥቁ ዙሪያ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ወጥቷል፣ ጥቁሩ መስመር ግራጫ ሆኗል፣ ከሙጫው ጎን ደግሞ ሌላ ቀጭን ስንጥቅ ጀምሯል። “በብርጭቆ ወረቀት ላለስልሰው? መስመሩን በቀለም ልድገመው? ስንጥቁን በምን ልሙላው?” ይላሉ። ለፋሲካ አዲስ አበባ ላሉት አባታቸው ሊወስዱትም አስበዋል።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የብርጭቆ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይመልሱት። የጥርስ ዱቄት በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ድረስ ይገባል። የባንዲራው ቀይም ቨርሚሊየን በሚባለው ጥንታዊ ቀይ ቀለም የተሠራ ከሆነ መርዛማው ሜርኩሪ አለበት። እዚህ ሥራ ላይ ምንም ዓይነት ፍቀት የለም።

ዕቃው የዝሆን ጥርስ አይደለም። በፎቶው ላይ ጫፉ ድፍን ነው፣ ሥሩ ግን እንደ ቀንድ ዋንጫ ባዶ ነው። ከውጭ አንድ ሽፋን፣ ከውስጥ ሌላ ነጣ ያለ ክፍል ይታያል። ይህ ስፐርም ዌል የሚባለው ባለጥርስ ዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው። የዝሆን ቢሆን ኖሮ በተቆረጠው ፊት ላይ እንደ ወንፊት የተጠላለፉ መስመሮችን ባዩ ነበር። ሥራው ስክሪምሾ ይባላል። ከማሳቹሴትስ ወደቦች፣ ከናንታኬትና ከኒው ቤድፎርድ የወጡ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከበኞች ለዓመታት በሚዘልቀው ጉዟቸው ላይ በመርፌና በቢላ ጫፍ ይቀርጹት ነበር። ፊርማ የለውም ብለው አይዘኑ፤ አብዛኞቹ አልፈረሙም። ሱዛን በተባለችው የናንታኬት መርከብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1828 እና በ1829 ጥርሶች የቀረጸው ፍሬድሪክ ማይሪክ ስምና ቀን በመጻፉ የታወቀ ነው፤ ግን ስም ስላለ ብቻ ማመን አይገባም፣ የእሱን ሥራ እየገለበጠ የሚሸጥ ፕላስቲክ ገበያውን ሞልቶታል። የእርስዎ ፕላስቲክ እንዳልሆነ እንድገምት ያደረገኝ ስንጥቁ ራሱ ነው። ከባዶው ሥር ተነሥቶ ቁመቱን ተከትሎ ወደ ጫፍ የሚሄድ ስንጥቅ በድርቀት የተጎዳ የእውነተኛ ጥርስ ስንጥቅ ነው። ለማረጋገጥ በጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ያብሩበት፤ ጥርስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ይመልሳል፣ ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ደብዝዞ ይቀራል። በጋለ መርፌ ውጉት የሚልዎትን ግን አይስሙ።

ታዲያ ማን ሰነጠቀው? ደብዳቤዎን ሳነብ ገና “መብራት ያለው ቁም ሣጥን” የሚለው ላይ ቆምኩ። ጥፋተኛው አምፖሉ ነው፤ ክረምቱ አግዞታል። በእነዚህ ርካሽ ቁም ሣጥኖች ጣሪያ ላይ የሚገጥሟት ትንሽ ሃሎጅን አምፖል ብርሃን ትስጥ እንጂ ዋና ሥራዋ ምድጃነት ነው። ቤቱም በማሞቂያ ደርቋል፤ በእናንተ አገር ክረምት የቤት ውስጥ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል።

ይህን ነገር በደንብ ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ጥርስን እንደ ድንጋይ ያየዋል። ጥርስ ድንጋይ አይደለም። ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፣ 20 በመቶ ያህሉ በዋናነት ኮላጅን ነው፣ የቀረው ውሃ ነው። ኮላጅን ማለት ደግሞ ብራና የተሠራበት ነገር ነው። ብራና ፀሐይ ላይ ቢተዉት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ይጨማደዳል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል። አባቶች መጽሐፉን በሁለት የእንጨት ገበታ አጥብቀው በማኅደር የሚያኖሩት ከአቧራና ከአይጥ ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ ቆዳው በአንዴ እንዳይደርቅ በአንዴም እንዳይርስ ጭምር ነው። ከበሮም እንዲሁ ነው፤ በዝናብ ወራት ቆዳው ይረግባል፣ እሳት ዳር ሲያቆሙት ይወጠራል። በጥርሱ ውስጥ ያለውም ያው ነው። ውሃ ሲያጣ ይሸበሸባል፣ ሲያገኝ ያብጣል፤ ግን እንደ ብራና መጠቅለል አይችልም፣ ማዕድኑ ይዞታል። የዓሣ ነባሪ ጥርስ ደግሞ የሚያድገው ሾጣጣ ኩባያዎች አንዱ ባንዱ ውስጥ እንደተደረደሩ ሆኖ ነው። የውጭው ሽፋን አንድ ዓይነት፣ የውስጡ ሌላ ዓይነት ነው፤ እኩል አይሸበሸቡም። አንዱ ሲጎትት ሌላው እንቢ ይላል። ግድግዳው የሚሳሳው በባዶው ሥር ዙሪያ ስለሆነ የሚሸነፈውም እዚያ ነው። ስንጥቁ መፈናፈኛ አጥቶ እንደተቀደደ የከበሮ ቆዳ ማለት ነው።

አሁን ሙጫው ምን እንዳደረገ ይገባዎታል። ያ ስንጥቅ ጥርሱ እርጥበቱን ሲያገኝ መልሶ መጥበብ ነበረበት። ፍሬም ሠሪው ግን ጥርሱ በደረቀበት፣ ስንጥቁ በሰፋበት ሰዓት የማይለጠጥ ነገር ሞላበት፤ ሽብልቅ ነው የመታበት። እርጥበታማው የእናንተ አገር በጋ ሲመጣ ጥርሱ አብጦ መገጣጠም አልቻለም፣ ስለዚህ አጠገቡ ሌላ ቦታ ከፈተ። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ አዝናለሁ። ሁለት መቶ ዓመት ሊጠጋ የቻለን ዕቃ በአምስት ደቂቃ አበላሽቶ፣ ለዚያውም ከሱቅ በር ላይ በተነሣ በጣም ርካሽ ሙጫ! ነጩም ጉም የእሱ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንፋሎት ያወጣል፣ እንፋሎቱ አካባቢው ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይጋገራል። መስመሮችዎ ግራጫ የመሰሉት ቀለሙ ጠፍቶ ሳይሆን ዱቄቱ ሸፍኗቸው ይመስለኛል። በአጉሊ መነጽር ይዩ፤ በጭረቱ ወለል ላይ ጥቁር ካለ ቀለሙ በቦታው አለ።

እንግዲህ ሥራው። አምፖሉን ዛሬውኑ አውጥተው ይጣሉት። ጥርሱን ከማሞቂያና ከመስኮት አርቀው ሁለት ሳምንት ያህል ክፍሉ ውስጥ ያቆዩት። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ለጊታር ከሚሸጡት 49 በመቶ ከሚሉት የእርጥበት ከረጢቶች አንዱን አብረው ያስገቡ፤ እነዚህ ሲደርቅ ይሰጣሉ፣ ሲበዛ ይቀበላሉ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ሲሊካ ጄል እንዳያስገቡ፣ እሱ አድራቂ ነው። የምንፈልገው ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። የእርጥበት መለኪያ ሲገዙ ርካሾቹ በጣም ስለሚዋሹ ይፈትኑት፦ በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርገው እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉበት፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ከረጢት አንድ ሌሊት ያሳድሩት። 75 ማንበብ አለበት። ልዩነቱን መለኪያው ጀርባ ላይ ይጻፉት።

ነጩን ዱቄት መጀመሪያ በደረቅና ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይሞክሩ፤ ብዙው ይለቃል። እንቢ ያለውን፣ መስመር ከሌለበት ቦታ ጀምረው፣ በስንጥር ላይ በጠቀለሉት ጥጥ ንጹሕ አሴቶን በጣም ትንሽ ነክተው ያንከባልሉበት፤ አይሹት። መስኮት ይከፈት፣ እሳት በአካባቢው አይኑር። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ቅባትና ሽቶ አለበት። ጥጡ ላይ ጥቁር ከመጣ ወዲያው ያቁሙ። ውሃና ሳሙና ጭራሽ አይንካው። ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ሙጫ አይቆፍሩት፤ እሱን ማውጣት የሙዚየም ባለሙያ ሥራ ነው። ለመፋቅ እጅዎ ከበላዎትም የዱቄቱን ነገር ያስታውሱ፤ ማስክ አድርጌያለሁ ማለት ፈቃድ አይሆንም።

መስመሩን በቀለም አይድገሙት። መርከበኞቹ የሚያሹበት ጥቁር ብዙ ጊዜ ጥቀርሻ ነበር፤ የእኛም የብራና ጸሐፊዎች ቀለም ከጥቀርሻ ነው የሚወጣው። የዛሬ ብዕር ቀለም በላዩ ሲፈስ በጥቃቅኑ ስንጥቅ ሁሉ ይሰርጋል፣ አይወጣም፣ ሰብሳቢም አይቶ ይተወዋል። አቅራቢያዎ ነውና የኒው ቤድፎርድን የዓሣ ነባሪ አደን ሙዚየም ሄደው ይዩ፤ ያልተነካ መስመር ምን እንደሚመስል በዓይንዎ ያውቁታል።

አዲስ አበባ መውሰዱን ይተዉት። ጥንታዊ ቢሆንም ያለ ሲቲስ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ሲቲስ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጥላለች። ለአባትዎ ጥሩ ፎቶ አሳትመው ይውሰዱ። የግዢውን ደረሰኝም ይጠብቁት፣ ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑን ማስረዳት አንድ ቀን ያስፈልግዎታል።

ሁለት ወር ሣጥኑ ውስጥ ካቆዩት በኋላ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ስንጥቁ ጠቦ ከቆመ አዲሷን ቀጭን ስንጥቅ በማይክሮክሪስታሊን ሰም እንዴት እንደምንሞላት እነግርዎታለሁ፤ ሰም ለስላሳ ነው፣ ሲፈለግም ይወጣል። እስከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ከመሳቢያው አይውጣ።