የአንባብያን ጥያቄ፦ ከጅቡቲ ባሕር ወደ ጅማ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ የምኖር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በጥር ለዘመድ ሠርግ ጅቡቲ እሄዳለሁ። ዋና የተማርኩት በሆቴል ገንዳ ነው። ኦክስጅን ተሸክሜ ኮራሉን፣ ከተቻለም የሰመጠ መርከብ ውስጥ ገብቼ ማየት እመኛለሁ። በረራዬ እሑድ ጠዋት ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ብጠልቅ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ከመርከቡ በፊት ይህን እንጨርስ።

የምትሸከመው ኦክስጅን ሳይሆን የታመቀ ተራ አየር ነው፤ አብዛኛው ናይትሮጅን። በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ስለሚጨመር ናይትሮጅኑ ወደ ደምህና ወደ ሥጋህ ይሰርጋል። ስትወጣ በትንፋሽ ይለቅቅሃል፤ የተረፈው ግን ሰዓታት ይፈልጋል። በዚህ መሀል አየሩ የሳሳበት ከፍታ ላይ ከደረስህ አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያህን፣ ሲከፋም አከርካሪህን ይጎዳል። የተለመደው መመሪያ አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12፣ የደጋገመ 18 ሰዓት ሳይበር ይቆይ ይላል። እኔ ሙሉ ቀን እላለሁ። በባቡር እመለሳለሁ ብለህም እንዳታመልጠኝ! አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በአውሮፕላን ውስጥ የሚኖረው ግፊትም ከዚህ ከፍታ ብዙ አይርቅም። ለእኛ ለከፍታ ሰዎች ቤት መግባትም እንደ መብረር ይቆጠራል። ስለዚህ ሐሙስ ጥለቅ፤ ቅዳሜ ጨፍር።

ከጅማ ተነስተህ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ስትወርድ ጆሮህ ይደፈን የለ? ውኃ ውስጥ ያው ነገር በጥቂት ሜትር ውስጥ ይመጣል። አፍንጫህን ይዘህ በቀስታ እፍ በል፤ ሕመም ሳይሰማህ በፊት፣ በየሜትሩ። ጉንፋን ከያዘህ አትግባ። ትንፋሽህን ደግሞ በፍጹም አትያዝ፤ በ10 ሜትር ላይ የሳብከው አየር ላይኛው ውኃ ላይ ስትደርስ እጥፍ ይሆናል፤ ሳንባ ይቀድዳል።

መርከቡን ከውጭ እይ። ለጀማሪ ከአስተማሪ ጋር የሚፈቀደው እስከ 12 ሜትር ነው፤ ውስጥ መግባት ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል። ምጽዋ በነበርኩበት ዘመን ገመድ ዘርግተን አንድ ጓዳ ገብተን ነበር። የተነፈስነው አረፋ ጣሪያውን ሲነካ ዝገቱ ተራግፎ ወረደ፤ መብራቴ ቡናማ ግድግዳ ብቻ አሳየኝ፤ ያወጣን ገመዱ ነው።

ስለ መርከብ ካነሳን፣ ፖርት ሱዳን አጠገብ ኡምብሪያ የተባለችው የጣሊያን መርከብ አለች። ጣሊያን ጦርነት ባወጀችበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ እንግሊዞች እንዳይወስዷት የራሷ ካፒቴን አሰመጣት። በሆዷ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቦምብና ፊያት መኪኖች ነበሩ። ቦምቡ ወደ እኛው ምድር ይመጣ የነበረ ነው፤ እዚያ በመቅረቱ አላዝንም። ሱዳን ጦርነት ላይ ስለሆነች ለአሁኑ ተዋት። አንተ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ይበቁሃል፤ በጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ነባሪ ሻርክ የማየት ዕድልም አለህ። ስሙ አያስፈራህ፣ የሚበላው ደቃቅ የባሕር ፍጥረት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጅቡቲ ይሠራል። ለሳሎኔ ነጭ ኮራል እንዲያመጣልኝ ብጠይቀው ችግር አለው? (እናት፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ አለው፣ እመቤቴ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ደቃቅ እንስሳት በጋራ የሠሩት አጽም ነው፤ አንዳንዱ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አያድግም። ድንጋያማ ኮራል ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር የሚያግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም ፈርመውበታል። ከሱቅ ቢገዛው እንኳ የሱቁ ደረሰኝ ፈቃድ ሆኖ አያገለግለውም።