«ቤታችሁ ነው» የሚለው ባለቤቴ፣ ፍራሽ የማነጥፈው እኔ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐዋሳ ነው፤ ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። የባለቤቴ ታናሽ እህት ሠርጓን ጥር ላይ ሐይቅ ዳር ልታደርግ ነው። ከአዲስ አበባ 14 ቤተሰብ መጥቶ እኛ ጋ አምስት ቀን ያርፋል ተብሏል። ባለቤቴ ሳያማክረኝ በስልክ «ቤታችሁ አይደል እንዴ!» አላቸው። ለገብርኤልም ለእረፍትም ማረፊያቸው እኛው ነን። እምቢ ብል ምን ይሉኛል? ዝም ብል ደግሞ ስንኳረፍ መክረማችን ነው።

መልስ፦ እስቲ ከቀን መቁጠሪያው እንነሳ። ታኅሣሥ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ የመጣውን እንግዳ በሸኙ በአሥረኛው ቀን ገና ይደርሳል። ጥምቀት አለፈ ሲባል ደግሞ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመጋባት ሁሉም ይሽቀዳደማል። ለሚመጣው ሰው ሐዋሳ ማለት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚበላ ዓሣና የሐይቅ ዳር ፎቶ ናት፤ እርስዎ ሰኞ ሥራ ይገባሉ። ድካምዎን እንግዳ እንደ መጥላት አይቁጠሩት።

ችግሩን ያከበደው ይሉኝታዎ ይመስለኛል። እንግዳ ፊት «ኧረ ምን ችግር አለው» ይላሉ፤ ማታ ማድ ቤት ድስት ይንኳኳል። ባለቤትዎ የድስቱን ድምፅ ይሰማል፣ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረውም። «ሁሌ ያንተ ቤተሰቦች» ብለው ከጀመሩ ደግሞ እናቱ የተሰደበች ያህል ይሰማውና ጆሮውን ይዘጋል።

ስለዚህ ቅሬታውን ትተው ቁጥር ይዘው ይቅረቡ። ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ውኃ ብንይዝ፣ ከእናንተ ጋር 18 ሰው 720 ሊትር ይፈጃል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሙሉ ቢሆን እንኳ አንድ ቀን ተኩል አይዘልቅም። እንግዳው ስድስት ቢሆን ግን ሁለት ቀን ተኩል ያደርሳል። ሳሎን ውስጥ ለተደረደረ ፍራሽ አጎበር መስቀያ የለም፤ የሐይቅ ዳር ትንኝ ደግሞ እንግዳ አይመርጥም። ሽንት ቤቱ አንድ ከሆነ የሠርጉን ዕለት ጠዋት እርስዎ ራስዎ ያስቡት።

ሌላም ቁጥር አለ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ አያዋጣም፤ የሠርጉ ዋዜማና የሠርጉ ሌሊት ማደሪያ ያስፈልጋል። ይህ ሁለት ሌሊት ነው። የቀረው ሽርሽር ነው፤ ሽርሽሩ ደግሞ የሙሽሪት ድግስ ስላልሆነ የእናንተም ግዴታ አይደለም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሠርጉ ሐይቅ ዳር ቢሆንም ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጥቶ ሙሽሪትን የሚወስድበት፣ ደጅ ላይ የሚዘፈንበት የቤተሰብ በር ያስፈልጋል። የሆቴል ኮሪደር ይህን አይተካም። ቤታችሁን የፈለጉት ከፍራሹ ይልቅ ለዚህ በር ሊሆን ይችላል፤ ይጠይቁ። ከሆነ ይህን በደስታ ይስጡ፦ የሠርጉ ጠዋት ሙሽሪት ከእናንተ ቤት ትውጣ፣ አማትዎ መኝታ ቤት ይሰጣቸው። እናትን ፔንሲዮን መላክ ለዘመናት የሚወራ ቁስል ይሆናል፤ እሱን አይሞክሩት። የአጎት ልጆች ግን ፔንሲዮን ቢያድሩ የሚሞት የለም። የሠርጉ መልስ የት እንደሚደገስም ከወዲሁ ይወቁ፤ እናንተ ግቢ ሊሆን ታስቦ ከሆነ ሁለተኛ ድግስ ነው።

ለባለቤትዎ ይህን የሚነግሩት ስልኩ በተዘጋበት ቅጽበት አይሁን፣ ልጆች ፊትም አይሁን። አንድ እሑድ ማለዳ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ወክ እያደረጋችሁ ይሻላል፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ የለም። «እህትህን ከቤታችን መዳር እፈልጋለሁ። ስድስት ሰው ለሁለት ሌሊት እችላለሁ፣ 14 ሰው ግን አልችልም» ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲከብድዎ «ለነገሩ እንደ ምንም ይሆናል» የምትለዋ ቃል አፍዎ ላይ ትመጣለች። ይዋጧት።

ለእህቱ የሚደውለው እሱ ነው። ከእርስዎ አፍ ከወጣ «የወንድማችን ሚስት በር ዘጋችብን» ይሆናል። እሱም «እሷ ደክሟት ነው» ካለ ያው ነው፤ «ተነጋግረን ስድስት ሰው እናስተናግዳለን፣ ለሌሎቻችሁ ክፍል ልያዝላችሁ» ይበል። ክፍሉንም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይያዝ፤ ጥር ላይ ዋጋው ይወጣል። ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል በዚያው ስልክ ይቁረጡት፤ ሳይነገር ከቀረ ለባለቤትዎ መቅረቱ አይቀርም።

ባለቤትዎ ቢቆጣ እርስዎም አይኳረፉ፣ እናትዎንም ለአቤቱታ አይጥሩ። እሱ የሚሰማው ታላቅ ወንድም ወይም የክርስትና አባት ካለ በዚያ በኩል ይሂዱ። ገንዘቡም፣ የልጆቹም ጉዳይ እንዲሁ ሳይነገርዎት የሚወሰን ከሆነ ግን ነገሩ ከእንግዳ ያልፋል፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ጥሩ ነው።

ለሐምሌው ገብርኤል ደግሞ ሐምሌ 19ን አይጠብቁ። ሰኔ ላይ ስልኩ ሲጠራ ባለቤትዎ «ተነጋግረን እንደውላለን» ማለትን ከአሁኑ ይለማመድ።